ደሙ እስኪረጋ

ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ሜሮን ቦሌ ወዳለ አንድ የመዋቢያ ሱቅ ይዛኝ ገባች። የምትገዛው ለራሷ ነበር፤ እኔ እግሬን ላሳርፍ ብዬ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሻጯ ግን እንዲሁ ልትተወኝ አልፈለገችም። ጣት የምታህል ጠርሙስ አውጥታ እጄን ሳብ አደረገችና በግራ አውራ ጣቴና በጠቋሚዬ መካከል ያለውን አሮጌ ጠባሳ አየችው።

«እማማ፣ ይሄንን በሁለት ወር ድራሹን ያጠፋልዎታል። ሴረም ነው። ግሮውዝ ፋክተር አለው።»

«ምን አለው አልሽኝ?»

«ግሮውዝ ፋክተር። እንትን ነው… በቃ፣ ሰውነትዎን ‹እደግ› ብሎ የሚያዝ ነገር።»

ሳቄ አመለጠኝ። ሜሮን አፍራ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ልጅቷም የሳቅኩባት መስሏት ፊቷ ቅልት አለ። እኔ ግን በእሷ አልነበረም የሳቅኩት። ያለችው ልክ ነበር። ይህንኑ ነገር በሃያ አራት ዓመቴ ለመናገር ስንት ቀን አንደበቴ ታስሮ እንደነበር ትዝ ብሎኝ ነው።

ስንመለስ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ሚኒባሱ ቆመ። ሜሮን ስልኳን ታያለች፤ እኔ በመስኮቱ ሕንፃዎቹን አያለሁ። ያኔ በደርግ ጊዜ በዚህ በኩል ሕንፃ የሚባል ነገር አልነበረም። ከተማው ጉርድ ሾላ ላይ ያልቅና ከዚያ ወዲያ ጭቃውና ማሳው ይጀምር ነበር። ክረምት ላይ ወደ ጎሮ ሲሄዱ ጤፉ ገና አጭር፣ ልስልስ ያለ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ቦሌ የሚያርፈው አውሮፕላን ዝቅ ብሎ በላያችን ሲያልፍ በሬዎቹ ቀና እንኳን አይሉም፤ ለምደውታል። እኔ በየሳምንቱ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር ጎሮ እየሄድኩ ከገበሬዎች እንቁላል እገዛ ነበር። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተገኘ እንቁላል ብቻ ነበር የምፈልገው። «የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ለዚህ ነው?» ብለው የሚስቁብኝ ሴቶች ነበሩ። አንዳንዴ የተጠበሰ በቆሎ እሸት ይሰጡኛል፤ እስክመለስ ጣቶቼ ጥላሸት ይሆናሉ።

እንቁላሉ የሚፈለገው ለላብራቶሪያችን ነበር። የምንሠራው የእንስሳት ክትባት ነው። ገና ያልተፈለፈለውን የዶሮ ሽል ከእንቁላሉ እናወጣለን፤ ህዋሳቱን ለያይተን ጠርሙስ ውስጥ እናሳድጋለን፤ ክትባቱ የሚባዛው በእነዚያ ህዋሳት ላይ ነው። ፋይብሮብላስት ይባላሉ። በሰውነታችን ውስጥ እንደ ልብ ወይም እንደ አንጎል ስማቸው አይነሳም። ሥራቸው መደገፍ ነው። ቆዳን ከሥጋ፣ ሥጋን ከአጥንት የሚያያይዘውን ክር የሚፈትሉት እነሱ ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ጫፍና ጫፋቸው የሾለ፣ መሐላቸው ወፈር ያለ፣ እንደ ዓሣ መንጋ ወደ አንድ አቅጣጫ የተኙ ናቸው። እኔ ያን ጊዜ ስብሰባ ላይ ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት የሚያቅተኝ ሴት ነበርኩ። ከሰው ይልቅ ከእነሱ ጋር መዋል ይቀለኝ ነበር።

ህዋሳቱ ከጨውና ከስኳር ሌላ ሴረም ይፈልጋሉ። ሴረም ማለት ደም ሲረጋ ከርጋታው ወጥቶ የሚቀረው ቢጫ ውሃ ነው። ከውጭ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ እጥረት ሲቋረጥ እዚያው ግቢያችን ካሉ ወይፈኖች መቅዳት ጀመርን። ደም የሚቀዱት ጋሽ ሙሄ ናቸው። የወሎ ሰው፣ ሽበታም፣ በላብራቶሪው ከማንኛችንም በፊት የነበሩ። ለዋናው ወይፈን ስም አውጥተውለት ነበር፤ በሹክሹክታ ብቻ የሚጠራ ስም። ጠርሙሱን ይዘው ሲገቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሊቀመንበሩ ዛሬም በቸርነታቸው ለግሰዋል» ይሉኛል። እኔ በድንጋጤ በሩን አያለሁ፤ እሳቸው ይስቃሉ።

የጋሽ ሙሄ ዘዴ ቀርፋፋ ነበር። ደሙን በጠርሙስ ያስቀምጡታል፤ ይረጋል፤ አሳድረው በማግስቱ ውሃውን ይቀዳሉ። የሚገኘውም ጥቂት ነው። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ምርቱን እጥፍ አድርጉ የሚል ትእዛዝ መጣ። የምርት ክፍሉ ኃላፊ ጓድ በቀለ፣ የውይይት ክበቡም ሰብሳቢ ነበር፣ አዲስ ዘዴ አመጣ። ደሙ እንዳይረጋ ጨው ይጨመርበታል፤ ወዲያው በማሽን ይሽከረከራል፤ ቀዩም ሌላውም ቅንጣት ሁሉ ከታች ይቀራል፤ ከላይ ጥርት ያለ ቢጫ ፈሳሽ ይወሰዳል። በመጨረሻ በጥቂት ካልሲየም ቀጭኗን የርጋታ ክር አውጥቶ መጣል ነው። ማደር የለ፣ መጠበቅ የለ። ፈሳሹም በብዛት ይገኛል። በዓይን ሲታይ ከጋሽ ሙሄ ሴረም ይበልጥ ያምራል። በግድግዳ ጋዜጣው ላይ የጓድ በቀለ ፎቶ «የምርት አርበኛ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ተለጠፈ።

ወዲያው ችግር አልታየም፤ ከአሮጌው ሴረም ጋር እየቀላቀልን ስለነበር ነው። አሮጌው ሲያልቅ ግን ህዋሳቱ ቆሙ። አልሞቱም። ጠርሙሱ ላይ ተጣብቀው፣ ቅርጻቸውን ይዘው፣ ምግብ ውስጥ ተነክረው ዝም አሉ። በሦስት ቀን ጠርሙሱን መሙላት ሲገባቸው በስድስተኛውም ቀን እዚህም እዚያም አንዳንድ ሆነው ይታያሉ።

ጋሽ ሙሄ በማይክሮስኮፑ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እነዚህ ልጆችሽ የቀበሌ ስብሰባ የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። አሉ፣ ግን የሉም።»

ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ጥፋተኛዋ ተገኘች። ጠርሙሶቹን የማጥበው እኔ፣ ህዋሳቱን የምዘራው እኔ። ጓድ በቀለ ቢሮው ጠርቶኝ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ሰጠኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ አንብቤ የምፈርመው ነው። «እኔ ጓድ ስንዱ በንጽሕና ጉድለትና በቸልተኝነት በምርት ላይ ጉዳት ማድረሴን አምናለሁ» ይላል። ከታች ለፊርማ ነጠብጣብ አለው።

«ጠርሙሱ ንጹሕ ነው» አልኩት። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም።

«ምን አልሽ?»

«ንጹሕ ነው… ጓድ።»

«እንግዲያ ንጹሕ ከሆነ፣ ሆን ተብሎ ነው ማለት ነው። አሻጥር ነው። ቸልተኝነት ይሻልሻል፤ እኔ ለአንቺ አስቤ ነው የጻፍኩት። ትፈርሚያለሽ፣ መዝገብ ቤት ትዛወሪያለሽ፣ በቃ።»

አሻጥር የሚለው ቃል ያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ የዚያ ዘመን ሰው ያውቃል። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ማታ ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ ስንት ወረቀት ሲፈረም አይቷል። ሽሮውን በእንጀራ እያጠቀሰ ቀና ሳይል «ወረቀት ነው ልጄ፤ ፈርሚና ኑሪ» አለኝ። አልተቆጣኝም። ስለ ፈራልኝ ነው። ግን መዝገብ ቤት ገብቼ፣ የሌለብኝን ቆሻሻ በፊርማዬ ተቀብዬ ሃያ ዓመት ፋይል ስደረድር ታየኝ።

በማግስቱ ምን አደረግሁ? ጠርሙሶቹን በሙሉ እንደገና አጠብኩ። ዛሬ ሳስበው ያናድደኛል። ንጹሕ መሆናቸውን እያወቅሁ፣ ሰው ቆሻሻ ስላለኝ ብቻ ሦስት ጊዜ ፈተግኋቸው። በሦስተኛው አንዱ እጄ ውስጥ ተሰበረ፤ ግራ እጄ እስከ ውስጡ ተሰነጠቀ።

ደሙ ሲንዠቀዠቅ ቧንቧውን ከፍቼ ላጥበው ስል ጋሽ ሙሄ ሮጠው መጡና ክንዴን ያዙኝ።

«አታጥቢው! ተይው ይርጋ! ጠርሙሱ አልበቃ ብሎሽ ቁስልሽንም ልታጥቢ?» በንጹሕ ፋሻ ጥብቅ አድርገው ያዙት። «ደሙ መጀመሪያ ይርጋ። የረጋው ነው ሥጋውን የሚጠራው። አንቺ አጥበሽ ስትጥይው ማን ይጥራልሽ?»

«ምን አሉ?»

«ሥጋውን አልኩ። ቁስሉ እንዲሞላ። በሬ ሲቆስልም እንደዚያው ነው፣ ወላሂ።»

ቁስልን የሚሞላው ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እነዚያው ፋይብሮብላስቶች ናቸው። ተረጋግተው ተኝተው የነበሩት ቁስል ሲኖር ይነሳሉ፣ ይባዛሉ፣ ክር ይፈትላሉ። ማን ይቀሰቅሳቸዋል? ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህንን የጠየቀኝ አስተማሪ አልነበረም። በጋሽ ሙሄ ዘዴ ደሙ ከነሁለመናው ሲረጋ፣ ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ ፕላትሌት የምንላቸው፣ ይፈነዳሉ፤ በውስጣቸው ያለው ወደ ውሃው ይገባል። በጓድ በቀለ ዘዴ ግን ቅንጣቶቹን ሳይፈነዱ ከታች ትተናቸው እየወጣን ነው። ህዋሳቱ ምግብ አላጡም። ያልደረሳቸው መልእክት ነው። ተነሱ የሚላቸው የለም።

«ጋሽ ሙሄ፣ የወይፈኑ ደም ዛሬ ይገኛል?» አልኳቸው።

ፋሻውን እየቋጠሩ ቀና ብለው አዩኝ። «ለአንቺ ሲሆን ሊቀመንበሩ እምቢ አይሉም።»

ከአንድ ወይፈን፣ በአንድ ሰዓት የተቀዳ ደም ሦስት ቦታ ከፈልን። የመጀመሪያውን በጋሽ ሙሄ ዘዴ አረጋነው። ሁለተኛውን በአዲሱ ዘዴ ሠራነው። ሦስተኛውንም በአዲሱ ዘዴ፣ አንድም ነገር ሳንለውጥ፤ ብቻ ከታች ከቀረው ላይ ፕላትሌቱን ለይቼ፣ በማቀዝቀዣ በረዶ አድርጌ፣ መልሼ አቅልጬ አፈነዳሁትና ውስጡን ጠብ አደረግሁበት። ጨውን ያመካኘ ሰው ቢነሳ ጨው በሦስተኛውም አለ። የዕቃውን ንጽሕና ያመካኘ ቢነሳ ሁሉንም ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በአንድ ውሃ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ እጅ ማለት ይቻላል፤ ግራው ታስሮ ነበርና። ህዋሳቱን በሦስት ስስ የመስታወት ቁራጮች ላይ ዘርቼ ለእያንዳንዱ ከሦስቱ አንዱን ሴረም ሰጠሁት። ጋሽ ሙሄ ከትልልቆቹ ጠርሙሶች ጀርባ ሸሸጓቸው። «የምርት ናቸው ወይ ካሉኝ የምርት ናቸው እላለሁ፤ ምን ዓይነት ምርት እንደሆነ አልጠየቁኝ» አሉ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ቅዳሜ፣ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋሁ። የመጀመሪያው ሞልቷል። ሁለተኛው እንደዚያው፣ አንዱ ከሌላው ርቆ የተበተነ። ሦስተኛው ጢም ብሏል። ህዋሳቱ ጎን ለጎን ተደርድረው፣ አንዳንዶቹ ለሁለት ሊከፈሉ ክብ ሆነው፣ እንደ ጤዛ ያበራሉ። ድምፅ አውጥቼ ሳቅሁ። ከዚያ ሁሉንም በሰማያዊ ቀለም ነከርኳቸው፤ ማይክሮስኮፕ አይቶ የማያውቅ ሰውም እንዲያይ።

ስብሰባው በምግብ አዳራሹ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ወርዶ ጠዋት ላይ ፀሐይ ወጥታ በትልቁ መስኮት ትገባለች። የላብራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ኃይሉ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከሶሻሊስት አገር ተምረው የመጡ፣ ጨዋ፣ ሁልጊዜ መነጽራቸውን የሚጠርጉ ሰው። ሦስት ሰዎች ግለ ሂስ አደረጉ፤ አንዱ ማርፈዱን፣ አንዱ ሐሜቱን፣ ሦስተኛው ምን እንደሆነ ረሳሁት። እየተጨበጨበላቸው ተቀመጡ። ስሜ ተጠራ።

ቆምኩ። ወረቀቱ በእጄ ነው።

«አንብቢ እንጂ ጓድ ስንዱ» አለ ጓድ በቀለ።

«ግለ ሂስ የለኝም» አልኩ።

ከኋላ አንዲት የሒሳብ ክፍል ሴት «ዶሮዋ ከእንቁላሉ አልወጣ ብላት ነው!» ብላ አሳቀች። ሳቁ ረዳኝ፤ ተናደድኩ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ፈርቼ ነበር እንጂ ተናድጄ አላውቅም።

«የማነበው የለኝም። የማሳያችሁ ግን አለኝ።»

በዚህ መሐል ጋሽ ሙሄ በፎጣ የተሸፈነ ትሪ ይዘው ገቡ። ሻይ የመጣ መስሏቸው ሁለት ሰዎች እጃቸውን ዘረጉ። ጋሽ ሙሄ «ቆይ፣ ይሄ የሚጠጣ አይደለም» ብለው አለፏቸውና ትሪውን ከፊቴ አስቀመጡ። ሦስቱን ቁራጭ መስታወቶች አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ መስኮቱ አቀናኋቸው። የመጀመሪያው ሰማያዊ፣ ደማቅ። ሁለተኛው የፀሐዩን ብርሃን እንዳለ ያሳልፋል፤ ነጭ ማለት ይቻላል። ሦስተኛው እንደገና ሰማያዊ።

«አንድ ወይፈን፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ አጣቢ» አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ይሄኛው ደሙ ከነቅንጣቱ ረግቶ የተገኘ ሴረም ነው። ይሄ በአዲሱ ዘዴ ነው። ይሄ ደግሞ በአዲሱ ዘዴ፣ ግን የጣልነው ፕላትሌት ፈንድቶ ተጨምሮበት ነው። ዶክተር፣ እርስዎ ይዩት። በቆሸሸ ዕቃ ያደገው የትኛው ነው?»

ዶክተር ኃይሉ ተነሱ። መስታወቶቹን እየተቀበሉ አንድ በአንድ በብርሃኑ አዩ፤ መልሰው አዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ። የዚያን ሰውዬ ፍርሃት ማየት እችል ነበር። አንድ ቃል ከተናገሩ ስንት ነገር እንደሚጠብቃቸው ሲያሰሉ ግንባራቸው ላይ ይነበባል። እኔ ግን ዓይኔን አልነቀልኩም። በሕይወቴ የሰው ዓይን ትኩር ብዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«የንጽሕና ጉዳይ አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

ጓድ በቀለ ጠረጴዛውን መታ። «እንዴት ነው ነገሩ? ጥፋቱ የማን ነው ልትይ ነው አንቺ?»

«የማንም ነው አላልኩም፣ ጓድ። ደሙ ይርጋ፣ አሳድረን እንቅዳው ነው የምለው። ይሄን ወረቀት ግን አልፈርምም።»

«አትፈርሚም?»

«አልፈርምም። ቆሻሻ አልነበረም።»

ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፌ ጋዋኔ ኪስ ከተትኩትና ተቀመጥኩ። ጭብጨባ አልነበረም። የሚቀጥለው ሰው ስም ተጠራ፤ እሱም ማርፈዱን ተናዘዘ። ስንወጣ ያቺ የሒሳብ ክፍል ሴት አጠገቤ መጥታ ዞር ብላ ሳታየኝ «ሰማያዊው ያምራል» ብላኝ ሄደች።

ከዚያ ምን ሆነ ለሚል፣ ብዙ አልሆነም። ሰኞ ጠዋት ማንም ምንም ሳይናገር ደሙ እንደ ድሮው በጠርሙስ ረግቶ ማደር ጀመረ። ይቅርታ የጠየቀኝ የለም። የጓድ በቀለ ፎቶ ግድግዳው ላይ እስኪወይብ ቆየ። መዝገብ ቤት አልተዛወርኩም፤ አሻጥር የሚለውም ቃል በዚያው ቀረ፤ ዶክተር ኃይሉ የተናገሩትን ዐረፍተ ነገር በቃለ ጉባኤው ላይ እንዲጻፍ ማድረጋቸውን ኋላ ነው የሰማሁት። ውጭ አገር ለትምህርት ከሚላኩት ዝርዝር ግን ስሜ ጠፋ። በዚያ ዓመትም በሚቀጥለውም አልተመለሰም።

ሌላም ነገር አለ፤ ሳልናገረው ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ከወራት በኋላ ከውጭ በእርዳታ የመጣ የመጽሐፍ ሣጥን ስንፈታ፣ እኔ በህዋሳቱ ላይ ያገኘሁት ነገር በሌላ አገር ከእኔ ከዓመታት በፊት የታወቀ መሆኑን አነበብኩ። ስምም ወጥቶለታል፤ ግሮውዝ ፋክተር። መጀመሪያ ላይ ከፋኝ። ለጋሽ ሙሄ ስነግራቸው ግን ዳቦ እየቆረሱ «እሰይ! እነሱም ደረሱበት?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ያጽናናኛል። እኛ መጽሐፉ አልነበረንም፤ ወይፈን፣ የጎሮ እንቁላልና የተቆረጠ እጅ ነበረን።

ሚኒባሱ ጉርድ ሾላ ሲያወርደን ሜሮን አሁንም ቅር እንዳላት ነበር። «አክስቴ፣ ልጅቷን እኮ አሳፈርሻት። ደግሞ ጠባሳው ቢጠፋልሽ ምን አለበት?»

ቤት ስንገባ ከቁም ሣጥኑ ያን አሮጌ የላብራቶሪ ደብተር አወጣሁ። በመሐሉ አራት ቦታ የታጠፈው ወረቀት አለ። ማጠፊያው ላይ ሊበጣጠስ ደርሷል። ሜሮን ቀስ ብላ ዘረጋችው፤ በታይፕ የተጻፈውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች። ከታች ነጠብጣቡ ላይ ስትደርስ ጣቷን አሳረፈችበት።

«ይሄን ቢያስፈርሙሽ ምን ይሆን ነበር?»

«ያኔውኑ ብፈርም ጠርሙሱን መልሼ አላጥብም፣ ጠባሳም አይኖረኝም ነበር» አልኳት። «ይልቅ ነገ ሱቁ ጋ ስታልፊ ለልጅቷ ንገሪልኝ። ያለችው ልክ ነው፤ እደግ የሚል ነገር አለ። የእኔ ግን ሥራውን ጨርሷል፤ አይነካ በያት።»